አርባ ሊትር፣ ደርሶ መልስ

7.

ቁልቁለት ላይ ማርሽ ነፃ አድርጎ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል ሹፌር ካጋጠመህ ከመኪናው ውረድ። በእግርህ ሂድ። ጣርማበርን እንደዚያ አድርጎ ሲወርድ የነበረ ሰው አውቃለሁ፤ ከገደሉ ሥር ነው ያነሣነው። ማርሹ ገብቶ ይቆይ፣ አንተ እግርህን ብቻ ከነዳጅ መስጫው ላይ አንሣ። ያን ጊዜ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ናፍጣው ይቋረጣል፣ ፍሬንህም አይግልም። ከጣርማበር ዋሻ እስከ ደብረ ሲና ድረስ እኔ አንድ ጠብታ አላቃጥልም ነበር።

አንድ ጠብታ።

የምቆጥበው ግን ለመንግሥት አልነበረም።

(የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ይሰረዝ።)


1.

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልነሣ። ስሜ ጥላዬ ወንድምአገኘሁ ነው። ደብረ ብርሃን ባለ አንድ የውሃ መስሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በሹፌርነት ሠርቻለሁ። በሚቀጥለው ወር ጡረታ እወጣለሁ። ባለፈው ሰኞ የስምሪት ኃላፊያችን አቶ በላቸው ጠራኝና «ጋሽ ጥላዬ፣ ከመውጣትህ በፊት ያችን የቁጠባ ዘዴህን በወረቀት አስፍርልን። ለአዲሶቹ ሹፌሮች አባዝተን እናድላለን። ሁለት ገጽ ይበቃል፣ ለሐሙስ» አለኝ። ርዕሱንም እሱው ሰጠኝ፦ «የተሽከርካሪን የነዳጅ ፍጆታ የሚቀንሱ የአነዳድ ዘዴዎች»።

ሁለት ገጽ! እኔ እኮ በሕይወቴ አንድ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ጽፌ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

ስለዚህ ቁጥር እየሰጠሁ እሄዳለሁ። አንዳንዱ ቁጥር ለመስሪያ ቤቱ ነው። አንዳንዱ ደግሞ እኔ ሳላስብ ብዕሩ ራሱ ይዞት የሄደ ነው። የምታነበው ሰው፣ አደራህን፣ አንተ ለይልኝ።


2. ከመነሣትህ በፊት

— የጎማ ንፋስ። ጎማው ከለሰለሰ መኪናዋ ትጎተታለች፤ ናፍጣውን የሚበላው መጎተቷ ነው። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለካው።

— ፊልትሮ። የቆላ አቧራ የበላ ፊልትሮ መኪናዋን ያፍናታል። አውጥተህ አራግፈው።

— ፖርቶመጋላው ላይ ያለውን የማይረባ ኮተት አውርድ። ለአንድ ዓመት ስትሸከመው የኖረችውን የተሰበረ ወንበር ጨምሮ።

— ንጹሕ ሸሚዝ ከመቀመጫው ኋላ ስቀል።

— ማበጠሪያ።

(የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ነዳጅ አይቆጥቡም።)


3. ስለ መኪናዋ

ነጭ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ናት። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ እኔ ሳልረከባት በፊት ሞቷል፤ የሚሠራውም አልተገኘም። ስለዚህ ናፍጣ የሚሰጠኝ በሄድኩት ርቀት ሳይሆን በስምሪት ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቦታ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ለአጣዬ ቅርንጫፋችን የፓምፕ ዕቃ አደርሳለሁ፣ በዚያው ቀን እመለሳለሁ፣ ብቻዬን። ደብረ ብርሃን–አጣዬ፣ ደርሶ መልስ፦

አርባ ሊትር።

እንደ ነገሩ የሚነዳ ሰው አርባውን ጨርሶ፣ መኪናዋ እያሳለች ግቢ ይደርሳል። እኔን ሠላሳ ሁለት ይበቃኝ ነበር። ስምንት ሊትር ይተርፈኛል።

ስምንቷን የት አደረስካት?

ይህችን ጥያቄ ያዛት። በኋላ በስብሰባ ፊት እጠየቃታለሁ።


4.

ተሰርዟል።


5. አነሣሥ

ነዳጅ መስጫውን የታመመ ሰው የተኛበትን በር እንደምታንኳኳ አድርገህ ንካው። ሞተሩ መጮህ ሳይጀምር ማርሽ ጨምር። አንደኛ ማርሽ ለመነሣት ብቻ ነው፤ እሱ ላይ አትክረም። ፍሪሲዮኑ ላይ እግርህን አታሳርፍ፣ የእግር ማሳረፊያ አይደለም። ፍጥነትህ ሰባ ላይ ከረጋ፣ ይርጋ ተወው። አንዴ መቶ፣ አንዴ አርባ የሚል ሹፌር ናፍጣውን መንገድ ላይ እየደፋ እንደሚሄድ ቁጠረው።

ይኸው። ይህኛው ንጹሕ የመስሪያ ቤት ቁጥር ነው። አቶ በላቸው ደስ ይለዋል።


6.

ከደብረ ሲና ወረድ ሲሉ ከአስፋልቱ የሚገነጠል የጠጠር መንገድ አለ። ሾላ ምንጭ የምትባል ትንሽ ከተማ ያደርሳል። ሃያ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አንድ ረቡዕ ከአጣዬ ስመለስ፣ መገንጠያው ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ከሩቅ ጃንጥላ የያዘች መስሎኝ ነበር። ስቀርብ የተጠቀለለ ካርታ ነው፤ ቁመቱ ከሷ ይበልጣል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የመንግሥት መኪና ሰው መጫን ክልክል ነው።

አቆምኩ።

የተባባልነው እንደ ወረደ ይኸውና፦

እሷ፦ ወንድሜ፣ ወደ ሾላ ምንጭ ይገባሉ?

እኔ፦ ግቢ፣ ግቢ። ፀሐይ ላይ አትቁሚ።

እሷ፦ አይ፣ ከመንገድዎ እንዳላስወጣዎት ብዬ ነው። በመንገድዎ ነው?

እኔ፦ በመንገዴ ነው።

በቃ፣ ውሸቱ ይህ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስነዳ የሰው በግ እንኳ አልገጨሁም። በዚህች አንዲት መልስ ግን ራሴን ገጨሁ። እሷ እንደሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። ካርታ ጭኗ ላይ አጋድማ ለተቀመጠች የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው ስለ መንገድ የዋሸሁት!

እታፈራሁ ትባላለች። ባሏ ከሞተ ያን ጊዜ አራት ዓመቱ ነበር። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን መሪ ላይ የጨረስኩ ወንደላጤ።


8. ሩቅ ማየት

ፍሬን በረገጥክ ቁጥር ቀድመህ ያቃጠልከውን ናፍጣ ነው የምትጥለው። ስለዚህ ሩቅ እይ። ከፊትህ ከብት እየተሻገረ ከሆነ ከሁለት መቶ ሜትር ጀምረህ እግርህን አንሣ፤ እስክትደርስ ከብቱ ያልፋል፣ አንተም ሳትቆም ታልፋለህ።

ሩቅ የማየት ችግር የለብኝም። መንገድ ላይ። ከመንገድ ውጭ ግን አፍንጫዬ ሥር ያለውን አላይም ነበር።


9.

በሁለተኛው ረቡዕ ማንም ሳያስቆመኝ ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ሲለቀቅ፣ በሩ ላይ ቆምኩ። «እንዴ! በመንገድዎ ነው?» አለች። «በመንገዴ ነው» አልኩ።

በሦስተኛው እንደዚሁ። በአራተኛውም።

የትምህርት ቤቱን የውጭ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ የወረዳው ካርታ እያደረገችው ነበር። ወንዙን ሰማያዊ፣ ተራራውን ቡናማ፣ መንገዱን ቀይ። እኔ መንገዱን በኩርባው ስለማውቀው ቆሜ እነግራታለሁ፤ «እዚህ ጋ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ እዚህ ጋ ድልድይ አለ»። እሷ ትቀባለች። የምቆየው አንድ ሰዓት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የምንናገረው ሁሉ ስለ መንገድ ነው። ስሄድ ፓፓያ ትሰጠኛለች፤ ጣርማበር ጫፍ ላይ አቁሜ፣ ብርዱ እየገረፈኝ፣ ብቻዬን እበላታለሁ። ከዚያ ወዲህ ፓፓያ አልቀመስኩም። ቢሰጡኝም አልበላም።

አንድ ቀን ልቀልድ ብዬ «መምህርት፣ እዚህ ጋ አንድ የነዳጅ ማደያ ሳዪልኝ፣ እኔን ይጠቅመኛል» አልኳት። ብሩሹን ይዛ ዞረች። ቀልድ አልመሰላትም።

«የሌለ ነገር ካርታ ላይ አይገባም። ልጆቹ እኮ ይህንን አምነው ነው የሚያድጉት» አለችኝ።

ኩምሽሽ አልኩ።


9. (የቀጠለ)

አንድ ነገር ደብቄሃለሁ። ሾላ ምንጭ ላይ መንገዱ ያልቃል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ወዲያ ወንዝ ነው። ድልድይ የለውም። ከወንዙ ማዶ ቁጥቋጦ ነው። በዚያ በኩል አልፎ የሚሄድ ሰው የለም፣ የሚሄድበትም የለም። «በመንገዴ ነው» የሚል ሰው ወዴት የሚያደርስ መንገድ ይዞ ነው?

እሷ ይህን ግድግዳው ላይ በራሷ እጅ ነው የቀባችው። ቀዩ መስመር ትምህርት ቤቱ ጋ ይመጣል።

ያልቃል።

ከእለታት አንድ ቀን ያንን ጫፍ እየቀባች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ጠየቀችኝ፦

እሷ፦ ከዚህ ወዲያ ወዴት ነው የምታልፈው?

እኔ፦ ራዲያተሩ ውሃ ጎሎት ነበር፣ ልሙላለት።

ልብ በል፤ «የምታልፈው» ነው ያለችኝ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንተ» ሆንኩ። ደስታው አናቴ ላይ ወጥቶ እኔ ጄሪካን አንሥቼ፣ ሙሉ ራዲያተር ላይ ውሃ ልጨምር ሄድኩ። አይ እኔ!


10. ሞተር ማጥፋት

ከአንድ ደቂቃ በላይ የምትቆም ከሆነ ሞተሩን አጥፋ። ቆሞ የሚሠራ ሞተር የትም ሳይደርስ ይበላል።

ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያች በር ላይ ስቆም ሞተሩን አጥፍቼ አላውቅም ነበር። ዘዴውን እያወቅሁ። ካጠፋሁት ላድር የመጣሁ ይመስላላ! ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ግን ሰው ያልፋል እንጂ አልመጣም።

በዚያች ሰዓት የሚቃጠለውንም ከስምንቷ ላይ ነው የምከፍለው።


11. ቃለ ጉባኤ (እንደማስታውሰው)

የሹፌሮች ግምገማ ነበር። ሰብሳቢ አቶ በላቸው።

አቶ ጎሹ፣ ሹፌር፦ ጥላዬ በሻይ ሰዓት ሁሉ ሲያስተምረን ነው የሚውለው። «ጣርማበርን ያለ ጠብታ እወርዳለሁ፣ አርባውን አልጨርስም፣ ስምንት ሊትር አተርፋለሁ» ይላል። ይሁን። እኛ ማትረፍ አንችልም፣ ሰነፎች ነን። እሱ ያተረፈው ግን የት ገባ? አንድ ቀን መልሶ ያውቃል?

(ሳቅ።)

ሰብሳቢ፦ አቶ ጥላዬ፣ መልስ አለህ?

ጥላዬ፦

ሰብሳቢ፦ ሸጠኸዋል?

ጥላዬ፦ አልሸጥኩም!

ሰብሳቢ፦ ታዲያ?

ጥላዬ፦ ጉራዬን ነው። ሻይ ቤት የተወራ ጉራ ነው። የሚተርፍ ነገር የለም።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ይሞከራላ። የፊታችን ረቡዕ መኪናዋ እስከ አፏ ትሞላለች፣ አቶ ጎሹ አብሮህ ይሄዳል፣ ስትመለሱ እንደገና እስከ አፏ ትሞላለች። የጎደለው ይለካል።

እውነቱን ልናገር እችል ነበር። «አንዲት ሴት ጋ ነው የምሄደው» ብል ቢያንስ ሌባ አልባልም። ግን ለእሷ ያልነገርኩትን ለጎሹ ልንገረው?


12. ነዳጅ የማባከን ዘዴዎች

ዕቅዴ ቀላል ነበር። በዚያ ረቡዕ እንደ ጀማሪ ልነዳ። አርባውን ጥርግ አድርጌ ላቃጥል። ያን ጊዜ ጉራ ብቻ እንደሆነ ይረጋገጣል፣ ትንሽ ይሳቅብኛል፣ አርባዬም ለእኔ ትቀራለች።

— ጎማ አጉድል።
— ሁለተኛ ማርሽ ላይ አስጩኻት።
— ሩጥ፣ ፍሬን ያዝ፣ ሩጥ።
— ዳገቱን ረግጠህ ውጣ።

አላደረግኩም። እግሬ እንቢ አለኝ። ሃያ አምስት ዓመት የለመደ እግር በአንድ ቀን ብልግና አይማርም። ጎሹ አጠገቤ እያንኮራፋ፣ ማርሹ በራሱ ይገባል፣ እግሬ በራሱ ይነሣል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መገንጠያው ጋ ደረስን። ትምህርት ቤቱ የሚለቀቅበት ሰዓት ነው። አለፍኩ። በስፖኪዮ እስከሚጠፋ ድረስ አየሁት።


12. (እርማት)

ከላይ የተጻፈው ግማሹ ውሸት ነው። በእግሬ ላላመካኝ።

ስንሄድ፣ ገና ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ፣ ጎሹ ነቅቶ ነበር። ጣርማበር ላይ ስንደርስ ወገቡን አቀናና «እስቲ ያችን ጉራህን እንያት!» አለኝ።

ደሜ ፈላ።

አሳየሁት። ከዋሻው እስከ ደብረ ሲና፣ እጄን ጭምር አንሥቼ፣ «ይኸው! ስማ! ሞተሩን ስማ! አንድ ጠብታ!» እያልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም። የምወዳትን ሴት ላጣት መሆኔን እያወቅሁ፣ ለጎሹ፣ ለዚያ ለአንኮራፊው ለጎሹ ጎበዝ ሹፌር መሆኔን አሳየሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለእሷ አንድ ቀን እንኳ ያላሳየሁትን ድፍረት ያኔ ከየት አመጣሁት?

ሲለካ ሠላሳ አንድ ሊትር ሆነ።


13.

በአንድ ስብሰባ ላይ ሁለት ወረቀት ተሰጠኝ። አንዱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ «የተረፈውን ነዳጅ ባለማሳወቁ»። ሌላው የምስክር ወረቀት ነው፤ «አርአያ ሹፌር»። ተጨበጨበልኝ። ጎሹም አጨበጨበ። ከጭብጨባው በኋላ አቶ በላቸው አዲሱን መመሪያ አነበበ። አንድ ሊትር ለመጠባበቂያ ተጨምሮ፣ ደብረ ብርሃን–አጣዬ፣ ደርሶ መልስ፦



ሠላሳ ሁለት ሊትር።



14. ማክሰኞ

እስከ 13 የጻፍኩትን ወይንሸት አየችብኝ። ወይንሸት አዲሷ ሹፌራችን ናት፤ የአጣዬ መንገድ አሁን የሷ ነው። ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጥቼ ስመለስ ቆማ ታነባለች።

ወይንሸት፦ ጋሼ፣ ይሄን ነው ሊያባዙልን?

ጥላዬ፦ አምጪ! ረቂቅ ነው እሱ!

ወይንሸት፦ በመጀመሪያ ደረጃ ሁሉም «አንተ፣ አንተ» ነው። እኛስ አንነዳም?

ጥላዬ፦ ይስተካከላል።

ወይንሸት፦ ቁጥር 4 ለምን ተሰረዘ? ምን ነበረ?

ጥላዬ፦ ስለ መንገድ መዞር ነው። አይጠቅምም።

ወይንሸት፦ በሞቴ ይጻፉት።

እምቢ ብዬ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ጻፍኩት።


4. (የተመለሰ)

ሠላሳ ሁለት ሊትር በተሰጠኝ በሁለተኛው ረቡዕ ወደ ሾላ ምንጭ ታጠፍኩ። ሊበቃኝ እንደማይችል አውቃለሁ። ጣርማበርን መውጣት አለብኝ፤ ዳገት ላይ ዘዴ ብዙ አያተርፍም። ቢሆንም ታጠፍኩ። ሸሚዝ ቀይሬአለሁ። መስኮቱን ከፍቼአለሁ። ጠጠሩ ከሥሬ ይንኳኳል። አንድ ኪሎ ሜትር፣ ሁለት፣ ሦስት። የናፍጣው መርፌ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ቦታ ላይ ነው። መንገድ ላይ ብቆም፣ «እዚያ ምን ትሠራለህ?» ይሉኛል። መኪናዋን ከነማርሿ ይነጥቁኛል።

አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ጥላው ሥር አቆምኩ።

በዚያ ቀን ሞተሩን አጠፋሁ። በዚያ መንገድ ላይ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዝም ሲል የቆላው ነፍሳት ድምፅ ይሰማል። አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ቀርቶኛል። እሷ ግድግዳው ሥር ቆማ የእኔን ሞተር ድምፅ ትሰማ እንደሆን አሰብኩ። አንድ ሙሉ ሰዓት፣ እዚያ ብደርስ የምቆያትን ያህል፣ ሾላው ሥር ተቀመጥኩ። ከዚያ መሪውን አዞርኩ።

መልእክት አልላክሁም። በቀጣዩ ወር የኃላፊውን መኪና እንድይዝ ተመደብኩ፤ ከከተማ አልወጣም። ስድስት ዓመት ሆነው።


14. (የቀጠለ)

ወይንሸት ይህን አንብባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ከዚያ ጮኸችብኝ።

ወይንሸት፦ አውቶቡስ የለም እንዴ? ቅዳሜ የለም? እሑድ የለም? የዓመት ፈቃድ የለም? ስድስት ዓመት!

ጥላዬ፦ አለ።

ወይንሸት፦ ታዲያ?

ጥላዬ፦ በአውቶቡስ ብሄድ በመንገዴ አይደለማ።

አልገባትም። አንተም አልገባህ ይሆናል። መኪናዋ እያለች ሰበብ ነበረኝ፤ ስሠራ ነው፣ ሳልፍ ነው። በአውቶቡስ የሄደ ሰው፣ ቲኬት ቆርጦ፣ ሸሚዝ ለብሶ፣ ባዶ እጁን በር ላይ የቆመ ሰው፣ ምን ይላል? ያ ሰው የመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገሩንም መናገር አለበት። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ይኸው ተናገርኩ። አርባዋን ሊትር የምፈልጋት ለመድረስ አልነበረም። ለመደበቅ ነበር።

ወይንሸት ቦርሳዋን አነሣች። «ነገ ረቡዕ ነው» አለች፣ ወጣች።


15. ረቡዕ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ወይንሸት፦ ገባሁ።

ጥላዬ፦ የት ገባሽ?

ወይንሸት፦ ሾላ ምንጭ ነዋ! መንገዱ አስፋልት ሆኗል ጋሼ፣ ሚኒባስ በየሰዓቱ ነው። አይጨነቁ፣ ነዳጄ በቅቶኛል፤ የእርስዎን ቁጥር 7 ነው የተጠቀምኩት።

ጥላዬ፦ አየሻት?

ወይንሸት፦ አላየኋትም። ስብሰባ ላይ ናት አሉኝ። ግን እዚያው ናት፣ አሁን ምክትል ርእሰ መምህር ሆናለች። ካርታውን አየሁት።

ፎቶ ያነሣችበትን ስልኳን ሰጠችኝ። መነጽሬን ፈለግሁ፣ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ግድግዳው ትንሽ ተልጧል። ወንዙ ደብዝዟል። ቀዩ መንገድ አለ፤ በኩርባው ሁሉ አወቅሁት፣ ሁሉንም እኔ ነኝ የነገርኳት። ትምህርት ቤቱ ጋ ይመጣል።

አያልቅም።

ወንዙ ላይ ድልድይ ተስሏል። ከድልድዩ ማዶ፣ ቁጥቋጦው ላይ፣ ቀዩ መስመር ይቀጥላል፤ ይታጠፋል፣ ተራራውን ያልፋል፣ ከካርታው ጠርዝ ይወጣል።

ጥላዬ፦ ድልድይ ተሠራ?

ወይንሸት፦ ምን ድልድይ! ሄጄ አየሁ እኮ። ወንዙ እንዳለ ነው። ጥበቃውን ጠየቅኩት። ከስድስት ዓመት በፊት ነው የሳለችው አለ። ልጆቹ «ቲቸር፣ ይሄ መንገድ የት ነው ያለው?» ሲሏት «አንድ ሹፌር ያውቀዋል» ትላለች አለ። ርእሰ መምህሩ አጥፊው ብሏት እምቢ አለች አሉ።

የሌለ ነገር ካርታ ላይ አይገባም ያለችኝ ሴት ናት። እኔ የማልፍበት መንገድ ሠራችልኝ። ውሸቴን እውነት ልታደርግልኝ።

ወይንሸት ፊት አለቀስኩ። ምን አባቴ ላድርግ።


16. ማጠቃለያ

ክቡር አቶ በላቸው፣ ሐሙስ ነው፣ ይኸው አስረክቤአለሁ። ከሁለት ገጽ በልጧል። 2ን፣ 5ን፣ 7ን፣ 8ን እና የ10ን የመጀመሪያ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አባዛቸው፤ ለሥራ ይበቃሉ። የቀረውን ለወይንሸት ስጣት።

ስምንቷን ሊትር የት እንዳደረስኳት በስብሰባ ጠይቀኸኝ ነበር። ይኸው መልሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያ እነሣለሁ። ነዳጁ የሌላ ሰው፣ መሪው የሌላ ሰው። መኪና የለኝም፣ የስምሪት ወረቀት የለኝም። ሸሚዝ አለኝ።


17. ለቅዳሜ የተዘጋጀ

ሌሊቱን ሳስበው አድሬ የሷን ድርሻ ጻፍኩ። የምትለውን አውቀዋለሁ፤ ሌላ ነገር አትልም። የእኔን ድርሻ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ሰረዝኩ።

(የትምህርት ቤቱ በር። ሚኒባሱ አውርዶኝ፣ ዞሮ፣ ሄዷል። የሞተር ድምፅ የለም።)

እሷ፦ እንዴ! በመንገድህ ነው?

እኔ፦